የሐብተማርያም ነሐስ

በሚኒሶታ መጋቢት የሚባለው ወር ከክረምትም ከበጋም አይደለም። ጠዋት መንገዱ መስታወት ይሆናል፣ ቀትር ላይ ጭቃ ይሆናል፣ ሲመሽ ተመልሶ መስታወት። በየመኪና ማቆሚያው ጥግ የተቆለለው በረዶ ጠቁሮ ከሰል የተራገፈበት ይመስላል። ሰው ካፖርቱን ጠልቶታል፣ ማውለቁን ግን ይፈራል። ያን ጊዜ እኔን ደረቴ ላይ አንድ ነገር ይጫነኛል። የሞተብኝ የለ፣ የታመመብኝ የለ፤ እንዲሁ መርዶ ይዞ የመጣ ሰው ደጃፌ ላይ ቆሞ ጫማውን የሚያራግፍ ይመስለኛል። ዛሬም ድረስ መጋቢትን አልወደውም።

ሐብተማርያም ክሪስታል በምትባለው ከተማ ወዳለው ሕንጻችን የገባው እንዲህ ባለ መጋቢት ነው። ዕቃውን ያመጣለት ሙዘይን ነበር፤ የወሎ ልጅ፣ ኤርፖርት ላይ አብሮት ታክሲ የሚነዳ። ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር ፍራሹን በጀርባው አዝሎ ደረጃውን እያለከለከ ወጣ። ሐብተማርያም ከኋላው ይከተላል። እሱ የያዘው አንድ ሰፊ ጠፍጣፋ ካርቶን ብቻ ነው፤ ያንንም ሾርባ የሞላ ሳህን እንደያዘ ሰው አግድም አድርጎ፣ እያየ እየረገጠ።

«ማዘር፣ ይህን ሰውዬ ተቀበሉልን» አለኝ ሙዘይን። «ምድጃ አያውቅም፣ ሚስት አያውቅም። የሚያውቀው የሞተ ቋንቋ ብቻ ነው።»

«መቼ የሞተ?»

«ሁለት ሺህ ዓመት ሆኖታል። እንግዲህ ሬሳው አይሸትም ብለን ነው ያመጣነው።»

«አይስሙት እትዬ» አለ ሐብተማርያም እየሳቀ። «የሱ መኪና ከዚያም ቀድሞ የሞተ ነው። ቆሞ የሚሄደው በዱዓ ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ በር ለበር ጎረቤት ሆንን። በዕድሜ ስለምበልጠው ሐብቴ እለው ነበር፤ እሱ ግን አንድ ቀንም እትዬ ባየሽ ሳይል ጠርቶኝ አያውቅም። የሕይወቱን ነገር በየጊዜው በቁርጥራጩ ነው የነገረኝ። እኔ ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ እንደገባኝ እጽፈዋለሁ።

የጉለሌ ልጅ ነው። የካቶሊክ አባቶች ትምህርት ቤት ተማረ፤ ላቲን የሚሉትን ከሁሉ አብልጦ ያዘው፤ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ላይ ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ጣልያን አገር ላኩት። እዚያ ሲደርስ ላቲኑን ትቶ ሌላ ነገር ወደደ። ከሮማ በታች ባለው ተራራማ አገር፣ ላቲን ሁሉን ሳይውጠው በፊት፣ ኦስካን በሚባል ቋንቋ የሚነጋገሩ ሕዝቦች ነበሩ አለኝ። ይገበያዩበት ነበር፣ ይዳኙበት ነበር፣ ልጅ ይቆጡበት ነበር። ሮማውያን ወግተው አሸነፏቸው። ቋንቋው ያን ዕለት አልሞተም፤ ቆይቶ ነው፣ ልጆቻቸው በላቲን መመለስ ሲጀምሩ።

«እንደ ፋና» አለኝ። ፋና የእህቱ ልጅ ናት፤ እዚሁ የተወለደች፤ በአማርኛ ሲጠይቋት በእንግሊዝኛ የምትመልስ። «እናቷ ነይ ብዪ ትላታለች፣ እሷ አይም ኮሚንግ ትላለች። ሁለቱም ይግባባሉ። ታዲያ የሚሞተው እንደዚያ እየተግባቡ ነው።»

መጽሐፍ የሚባል አልተረፈላቸውም። ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ጥቂት አለ፣ የቤት ግድግዳ ላይ የተጫረ አለ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ነሐስ ነው። ሕግ ሲያወጡ፣ ለአማልክቶቻቸው ሲሳሉ፣ በነሐስ ሰሌዳ ላይ ቀርጸው ሰው በሚያየው ቦታ ይሰቅሉታል። ነሐስ ደግሞ ፈላጊው ብዙ ነው። የመጣው ሁሉ እያቀለጠ ድስት አደረገው፣ ደወል አደረገው፣ መድፍ አደረገው። የቀረችው እፍኝ ናት፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ተናግሮ ማለፉ የሚታወቀው በዚያች እፍኝ ነው። ጥቂት ቃላት አስተምሮኝ ነበር። ዳኛቸውን ወይም ሹማቸውን ሜዲስ ይሉታል አለኝ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት በሩ ላይ ሳገኘው «እንዴት አደርክ ሜዲስ?» እለዋለሁ፤ እሱም «ስፈርድ አደርኩ እትዬ፣ ሙዘይንን አሥር ዓመት ፈረድኩበት» ይለኛል።

አሁን የካርቶኑን ነገር ልናገር። ተማሪ ሳለ አንድ በጋ ላይ፣ በሞሊሴ ተራራ፣ አንዲት መንደር ውስጥ፣ አሮጊት ባልቴት ቤት የእጅ መዳፍ ሁለት ያህል የምትሰፋ የነሐስ ሰሌዳ አገኘ። ባሏ ሲያርስ ከመሬት ያወጣት ናት። አንድ ጎኗ ተሰብሯል፤ በፊትም በጀርባም ጽሑፍ አለባት። ሴትዮዋ አይብ ሲጨመቅ መጫኛ አድርጋት ነበር። ይዘህ ሂድ አላለችውም፤ ቅዳና ተው አለችው። እሱም እንደተማረው ቀዳ። ሰሌዳዋን አጠበ፤ ወፍራም ነጭ ወረቀት በውሃ አርሶ አለበሳት፤ በብሩሽ ቀስ እያለ ደበደበ፣ ወረቀቱ ወደ ፊደሉ ጉድጓድ ሁሉ እስኪገባ። ከዚያ ፀሐይ ላይ ተወው። ሲደርቅ እንደ ቆዳ ተላቀቀ፤ ፊደሉ ሁሉ፣ ጭረቱ ሁሉ፣ የስብራቱ ጥርስ ሳይቀር ወረቀቱ ላይ ቆሞ ቀረ። ጀርባዋንም በሌላ ወረቀት እንዲሁ ቀዳ። በጣልያንኛ ካልኮ ይሉታል። ቀለም የሚባል የለውም። በዓይን ቢያዩት ባዶ ነጭ ወረቀት ነው፤ በጣት ሲዳስሱት ነው የሚናገረው። አንድ ቀን ጣቴን ይዞ አስዳሰሰኝ። እሾህ የበዛበት ነገር ነበር የሚመስለው።

«እዚህ መጨረሻው ላይ ያለችው ቃል» አለኝ፣ «ሌላ ነሐስ ላይ የለችም፣ ድንጋይ ላይም የለችም። ያለችው እዚህ ብቻ ነው።»

«ምን ማለት ናት?»

«አላውቅም።» ይህን ሲል ደስ ብሎት ነበር።

ያን ጊዜ ሮጦ ለመምህሩ ነገረ። መምህሩ በዓመቱ እሱንና ሌሎች ተማሪዎችን አስከትሎ ወደ መንደሩ ሄደ፤ አሮጊቷ ሞታለች። ልጆቿ መንግሥት መሬታችንን ይቆፍርብናል ብለው ፈሩና ነሐስ የሚባል አይተን አናውቅም አሉ። መምህሩ በሰው ፊት ወደ ሐብተማርያም ዞሮ «ምናብህ ጥሩ ነው፤ ልብ ወለድ ብትጽፍ ይሻልሃል» አለው። ካልኮውን ላሳይህ ቢለው ነሐሱን አምጣ እንጂ ወረቀቱን ምን ላድርገው ብሎ አላይም አለ። ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ የትምህርት ገንዘቡ ተቋረጠ፤ የመኖሪያ ፈቃዱም ቪዛውም ወደቀ። በስደት ዞሮ ዞሮ ሚኒሶታ ገባና መሪ ጨበጠ። ፎርት ስኔሊንግ አጠገብ ባለው ኤርፖርት ቆሞ ሰው ሲጭን ሲያወርድ ሸበተ። የትም ሲሄድ ያ ካርቶን አብሮት ነው። ውሸታም የተባለ ሰው ምስክሩን እንዴት ይጥላል?

ያለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ ስልክ ተደወለለት። ኦስካን የተጻፈበትን ነሐስና ድንጋይ ሁሉ በአንድ መጽሐፍ የምትሰበስብ ጣልያናዊት ፕሮፌሰር ናት። ያ መምህሩ ለማፌዝ የጻፋት አንዲት መስመር ላይ ስሙን አግኝታ ነው የፈለገችው። በአንዲት ትንሽ ከተማ ሙዚየም ዕቃ ቤት ውስጥ የነሐስ ስባሪ ተገኝቷል አለችው፤ እሱ ያኔ አየሁ ያለው ሰሌዳ ጫፍ ሊሆን ይችላል። የስባሪው ጥርስ ከካልኮው ጥርስ ጋር ከገጠመ ነሐሱ ነበረ ማለት ነው። እሱም አልዋሸም ማለት ነው። ቃሏም በመጽሐፍ ትገባለች።

ያን ዕለት በሬን ሳያንኳኳ ገባ። «እትዬ ባየሽ፣ ጠየቁኝ» አለ። ወንበር ላይ ተቀምጦ እጁን አሻሸ።

ፕሮፌሰሯ በመስከረም መጨረሻ ራሷ እንደምትመጣ ነገረችው። እስከዚያ እንዳይነካ፣ ምንም እንዳይጫነው አለች። ፋና በስልኳ ፎቶ አንስታ ልላክላት ብላ ሞክራ ነበር።

«ኦል ዋይት ነው አንክል» አለችው። «ናፕኪን ፎቶ ያነሳሁ ነው የሚመስለው።»

«ብርሃን ከጎን ነው የሚፈልገው ልጄ። እሷ መብራቷን ይዛ ትመጣለች።»

በእጁ ገልብጦ የጻፈው ነበረው፤ ለፕሮፌሰሯም አነበበላት። ግን በእጅ የተጻፈ ሰውየው አየሁ ያለውን ብቻ ነው የሚያሳየው አለችው፤ ነሐሱ የነካው ወረቀት ነው ምስክር የሚሆነው።

እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ደህና አልነበረም። ደስታ ሰውን አይጎዳም ይላሉ፤ እሱን ጎዳው። እንቅልፉ ሄደ፣ ምግብ ተወ። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኖ ካልኮውን በጣቱ ጫፍ ይዳስሳል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እህቱ እህተማርያም ከኩን ራፒድስ በየሳምንቱ ምግብ ይዛለት ትመጣለች። የአረጋውያን ቤት ውስጥ የምትሠራ፣ ጾም የማታጎድል፣ እጇ ሥራ የማይፈታ ሴት ናት። ወንድሟን እንደ አባት ነው የምታየው። አንድ ቀን እኔም በነበርኩበት ገብታ እንደዚያ ሲያንሾካሹክ አገኘችው።

«ወንድም ጋሼ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

«እያነበብኩ ነው።»

«ምን ይላል?»

«የአማልክት ስም ነው የሚበዛው። ሁለት ሦስቱን አውቃቸዋለሁ።»

«የጣዖት ማለት ነው?»

«በኛ አጠራር አዎ።»

«እና በአፍህ ትጠራቸዋለህ?»

«ሳልጠራ እንዴት ላንብበው እህቴ?»

አማተበች። ወደ እኔ ዞረች። «ሰምተዋል እትዬ ባየሽ? ሥጋው ያለቀው እኮ በዚህ ነው።»

«ተይው ልጄ» አልኳት። «የሞቱ ሰዎች የሞቱ ጣዖታት ናቸው። ማንን ይጎዳሉ?»

«የሞቱ አይደሉም እነሱ» አለች። «ጠሪ ያጡ ናቸው። አሁን አገኙ።»

ሐብተማርያም ሳቀ። ቢቆጣት ይሻል ነበር እላለሁ አንዳንዴ። ሳቀና «እንግዲያውስ እነሱም ምስር ወጥሽን ይቅመሱ፣ አቅርቢ» አላት። እሷ አልሳቀችም።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቀ። ዳሌው ተሰነጠቀ። ሆስፒታል አስገቡት፤ ከዚያ ለጥቂት ጊዜ መራመድ የሚያለማምዱበት ቦታ ወሰዱት። ቁልፉን እህተማርያም ያዘች። በሌለበት ቤቱን ላጽዳለት ብላ መጣች፤ ምንጣፉን አጠበች፣ መጋረጃውን አወረደች፣ ማቀዝቀዣውን ፈተሸች። ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ነው ይህን ሁሉ የምታደርገው።

ጳጉሜ ሦስት መጣ። የሩፋኤል ዕለት ዝናብ ምን እንደሆነ ለምታውቁ አልነግርም፤ ለልጆቻችን ግን ልናገር። በዚያን ዕለት የሚጥል ዝናብ ጠበል ነው። ሰማይ ይከፈታል ተብሎ ይታመናል። በአገራችን ልጆች ልብሳቸውን ጥለው ይወጡበታል፤ እናቶች በዕቃ ያጠራቅሙታል፤ የታመመ ይረጩበታል። በሚኒሶታ ሁልጊዜ አይገጥምም። ያለፈው ዓመት ገጠመ። ጠዋት የጀመረ ለስላሳ ዝናብ ነበር፣ ነፋስ የሌለው።

እኔ ዓይን ሐኪም ዘንድ ነበርኩ። መልስ ላይ የሚያመላልሰን ቫን ከሕንጻው ፊት ሲያወርደኝ ቀና ብዬ በረንዳዎቹን አየሁ። የሐብተማርያም በረንዳ ላይ በልብስ መቆንጠጫ የተሰቀሉ ሁለት ነጭ ነገሮች አሉ። ፎጣ መሰሉኝ። ዓይኔ ጠብታ ተደርጎበት ስለነበር በደንብ አላየሁም። ደረጃውን ስጨርስ ግን ልቤ አወቀ። በሩን ገፍቼ ስገባ እህተማርያም በረንዳው ደፍ ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማ መልክአ ሩፋኤል ትደግማለች። ጸጉሯ እርሷል፤ ፊቷ በርቷል። እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

«አንቺ ልጅ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«እንኳን ደረሱ እትዬ። ማቃጠል አልፈለግሁም፤ ልፋቱ ነው። ሩፋኤል ያለበትን ያጥብለት ብዬ ነው እንጂ።»

«ይህ ዕቃ በውሃ ይጠፋል እኮ!»

«ኧረ አይጠፋም። ቀለም የለውም እኮ» አለችኝ፣ ሕፃን እንደምታስረዳ ሆና። «ቀለም ቢኖረው መቼ አወጣው ነበር? የአያታችን ክታብ በጎርፍ ሲታጠብ አይቻለሁ፤ የሚሄደው ቀለሙ ነው። ይህ እንዲሁ በግፊት የተሠራ ነው፣ ፊደሉ የት ይሄዳል? ክፉው ብቻ ነው የሚሄደው።»

እጄን ዘርግቼ አንዱን ያዝኩት። እንደ ራሰ ዳቦ ልፍስፍስ ብሏል። በጣቴ ብዳስሰው አንድ ቦታ ላይ ጥቂት እብጠት ቀርቶ ነበር፤ በጣቴ ሥር ሟሸሸ። አወረድን፤ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋን። አትንኪው፣ እንዲሁ ይድረቅ አልኳት። እሺ አለች። አሁንም አልገባትም ነበር።

ሐብተማርያም ከዘመን መለወጫ በኋላ ተመለሰ። ፋና በመኪና አመጣችው፤ አራት እግር ያለውን መደገፊያ እየገፋ ገባ። ቤቱ ያብለጨልጫል። «የማን ቤት ነው የመጣሁት?» ብሎ ቀለደ። እህተማርያም ሳመችው፣ አለቀሰች፣ ፊትህ ተመለሰ አለችው። ከዚያ በራሷ እጅ ካርቶኑን አመጣች።

«ይኸው ወንድም ጋሼ። አንዴ ብቻ አርጥቤው ነበር፣ ለሩፋኤል። ሲደርቅ ተጨማዶብኝ ነበርና በካውያ አስተካከልኩልህ። አሁን እንደ አዲስ ነው።»

እሱ ካርቶኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ከፈተው። ሁለቱ ወረቀቶች በንጹሕ ፕላስቲክ ተሸፍነዋል፤ ጠርዛቸው ቀጥ ያለ፣ መካከላቸው እንደ ጠረጴዛ ልብስ ልስልስ ያለ። ጣቱን አሳረፈ። ከግራ ወደ ቀኝ ወሰደው። መለሰው። ሁለተኛውንም እንደዚያ አደረገ። የመጨረሻዋ ቃል የነበረችበት ቦታ ላይ ቆየ።

«በደንብ ነው የተኮስሽው እህቴ» አላት።

«አንክል፣ አር ዩ ኦኬ?» አለች ፋና። ወረቀቱን አየች፣ እናቷን አየች፣ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ማሚ፣ ዋት ዲድ ዩ ዱ?»

እህተማርያም ያን ጊዜ ነው የገባት። መሬት ላይ ተቀመጠች። እንደ ለቅሶ ቤት ደረቷን መምታት ስትጀምር ሐብተማርያም «ተነሺ፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ተነሺ» ይላታል፣ እጁን ግን አልሰጣትም። ጣቱ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ነው።

ፕሮፌሰሯን አትምጪ ሊላት ፈልጎ ነበር፤ ትኬቷን ቆርጣለች። በተባለው ጊዜ መጣች፤ አጭር፣ መነጽር ያደረገች፣ በዕድሜ ልጁ ልትሆን የምትችል ሴት። መብራቷን አወጣች። መጋረጃውን ዘጋን። ብርሃኑን ከጎን፣ ከታች፣ ከሁሉም በኩል አደረገች። ከመኝታ ቤት በር ሥር ሆኜ ሳይ እኔ እንኳ እጸልይ ነበር፤ ለማን እንደምጸልይ ግን አላውቅም፤ ያጠፋው ሩፋኤል ነው ማለት አልችል። የስባሪውን ፎቶ ከወረቀቱ ጫፍ ጋር አቀረበች። ጫፉ በካውያ ቀጥ ብሏል፤ ጥርስ የለውም። ብዙ ቆዩ። በጣልያንኛ አንድ ነገር አለችው፣ እሱም አንገቱን ነቀነቀ። ስትሄድ እጁን በሁለት እጇ ያዘች።

«ምን አለችህ?» አልኩት።

«እኔ አምንሃለሁ አለችኝ።»

«ታዲያ ጥሩ ነዋ!»

«መጽሐፉ ውስጥ ያልተረጋገጠ የሚባል ክፍል አለ። እዚያ ታስገባኛለች። ነሐሱ ከተገኘ ታወጣኛለች።» ካርቶኑን ዘግቶ «ያኛው ሰውዬ ውሸታም አለኝ፤ ይህቺ አመነችኝ። ቦታው ግን አንድ ነው እትዬ» አለ።

ከዚያ በኋላ ሜዲስ ብዬ ብጠራው አይመልስም። ምግብ ይዤ ስገባ ይቀበለኛል፣ ያመሰግነኛል፣ ሳህኑ በማግስቱ እንዳለ ነው። እህተማርያም እየመጣች በር ላይ ትቆማለች። አንድ ቀን ድንጋይ ተሸክማ እንደ ዱሮው ይቅርታ ልትለምነው ፈለገች፤ ክሪስታል ውስጥ ድንጋይ ከየት ታመጣለች፣ ከመኪና ማቆሚያው ዳር የጌጥ ጠጠር ነው ያነሳችው። አንገቷ ላይ አድርጋ ተንበረከከች።

«ማርኩሽ ካልኩሽ ቆየሁ» አላት። «ምን ላድርግሽ? ሌላ የምምርሽ ነገር የለኝም።»

«እንግዲያው አንድ ጊዜ ሳቅልኝ።»

መሳቅ አልቻለም። ሞከረ፤ ያየሁት እኔ ነኝ። ባይሞክር ይሻል ነበር።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሙዘይን መጣና በሬ ላይ ቆመ። ያን ቀን ማዘር ብሎ አልቀለደም።

«እትዬ፣ ጣልያን አገር እሄዳለሁ ይላል። ነሐሱን ልፈልግ ነው ይላል። የሴትዮዋ የልጅ ልጆች ይኖራሉ፣ አንዱ ቤት ምድር ቤት ተጥሎ ይሆናል ይላል። ያስቁሙት።»

ሄድኩ። ሻንጣ እያሰናዳ ነበር፤ ትንሽ ሻንጣ። መደገፊያውን ትቶ በከዘራ ነው የቆመው።

«ሐብቴ፣ በዚህ እግር ተራራ ትወጣለህ?»

«አውቶቡስ አለ።»

«ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ያኔውኑ የለም ያሉህን አሁን ማን ያወጣልሃል? አቅልጠውት ይሆናል።»

«ይሆናል።»

«ታዲያ?»

«እዚህ ተቀምጬ ቃሏን እየረሳኋት ነው እትዬ» አለኝ። «በእጄ የጻፍኩት አለ፣ አነበዋለሁ። ግን እኔ ራሴ የፈጠርኩት እየመሰለኝ መጣ። ማታ አምናለሁ፣ ጠዋት አላምንም። ሰው የራሱን ምስክር መጠርጠር ከጀመረ ምን ይተርፈዋል?»

ሹራብ አመጣሁለት፤ ያዘልኝ።

ኤርፖርት ያደረሰው ሙዘይን ነው። ያን ሁሉ ዓመት ሰው ሲያወርዱበት የኖሩበት በር ላይ አወረደው። «ሒሳብ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ ይላል ሙዘይን፣ «እኔም ሜትሩ ተበላሽቷል አልኩት፣ አልሳቀም፣ አቀፈኝና ገባ።» እህተማርያም ልትሸኘው ከሥራ ስትሮጥ ደርሳ አላገኘችውም። ሁለቱን ነጭ ወረቀቶች ቤቱ ውስጥ ትቷቸው ነው የሄደው። እሷ ወስዳቸዋለች፤ የት እንዳኖረቻቸው አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋት። እሑድ እሑድ ትደውልልኛለች። «ደወለ?» ትለኛለች። «አልደወለም» እላታለሁ።

የደወለው አንድ ጊዜ ነው፣ ኅዳር ማለቂያ ላይ፣ ለሙዘይን። ካምፖባሶ ከሚባል ከተማ፣ ከአውቶቡስ ጣቢያው አጠገብ ካለ ማረፊያ ቤት። ብርድ ነው፣ እግሬን ያመኛል፣ ነገ ጠዋት ወደ መንደሩ እወጣለሁ አለው። ነሐሱን ያየ ሰው አገኘህ ወይ ሲለው አላገኘሁም አለ። ፋና በኋላ ማረፊያ ቤቱ ደወለች፤ በማግስቱ ጠዋት ሻንጣውን ይዞ ወጥቷል አሏት። የመንደሩ ሰዎች እንዲህ ያለ ሰው አልመጣም ብለዋል። ፖሊስም፣ ኤምባሲም ሌላ የሚጨምሩት የላቸውም። ሐብተማርያም መኖሩ የሚታወቀው የመጨረሻ ቦታ ካምፖባሶ ነው፣ አውቶቡስ ጣቢያው አጠገብ ያለው ማረፊያ ቤት።